ኮርቻው ለምን ተጠረገ?

ባልደራሱ ወረፋ የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ ቆመው ሲያዙ ለኖሩ ሰው ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ይዞ ወንበር ላይ መጠበቅ ከፈረስ ከመውደቅ ይብሳል። ያን ቀን ጠዋት በስፖርት ጽሕፈት ቤቱ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ አንዴ ይነሳሉ፣ አንዴ ይቀመጣሉ፤ እስከ መስኮቱ ሄደው ግቢውን አይተው ይመለሳሉ፤ ተመልሰው ደግሞ ግድግዳው ላይ የሚበራውን ቀይ ቁጥር ያያሉ። ስልሳ አንድ። የእሳቸው ሰባ ሦስት ነው።

«ይሄ ነገር ቆሟል እንዴ?» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

ስማቸው ሌላ ነው፤ ነገር ግን በከተማው ውስጥ የፈረስን ነገር ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ ስለሌለ ትልቁም ትንሹም «ባልደራስ» ይላቸዋል። የወጣቶች የፈረስ ግልቢያ ክለብ ዋና አሠልጣኝ ናቸው። የመጡትም የክለቡን ፈቃድ ለማሳደስ ነው።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ዕረፍት የነሳቸው ወረፋው ብቻ አልነበረም። ከትናንት ወዲያ ፈረሶቹን የሚመግበውና ጋጣውን የሚጠርገው ለጓሚ ቆቡን በእጁ እያሻሸ መጥቶ፣ «ባልደራስ፣ ልጄ ከእንግዲህ ባትጋልብ ይሻላል» ብሏቸው ነበር። እሳቸውም ለምን ሳይሉ፣ «እንዳልክ» ብለው ሸኙት። ሲሸኙት ቀለል አላቸው። ኋላ እንደ እሾህ ሊወጋቸው የጀመረው ያው መቅለሉ ነው።

«ጋሼ! ጋሼ ባልደራስ! አላወቁኝም?»

አጠገባቸው ሰማያዊ ማኅደር ጭኗ ላይ ያስቀመጠች፣ ወደ ሠላሳ ዓመት የምትጠጋ ሴት ተቀምጣለች። ባልደራሱ ፊቷን አላወቁትም። አቀማመጧን ግን አወቁት፤ ጀርባዋ ቀጥ፣ ትከሻዋ ዘና ያለ ነው።

«አንቺ! አምባላዩን ፈረስ ትጋልቢ የነበርሽው!» ብለው ብድግ አሉ። «ኧረ ልጄ! የት ጠፋሽ? ምን በልተሽ እንዲህ አደግሽ? አሁን ምን ትሠሪያለሽ?»

«አስተማሪ ነኝ። የትምህርት ቤታችን የተማሪዎች አማካሪም እኔ ነኝ። የኳስ ቡድናችንን ላስመዘግብ መጥቼ ነው።»

«አስተማሪ! ጎበዝ። እኔማ ስንት ጊዜ አነሳሁሽ መሰለሽ! እንዳንቺ ያለ መሰናክል ዘላይ አላሠለጠንኩም። በአሥራ አራት ዓመትሽ ብድግ ብለሽ ጠፋሽ። ትምህርቱ ይዟት ነው ብዬ ተውኩት።»

መምህርቷ ፈገግ አለች። ባልደራሱም መልስ የሚጠብቁ ሰው አልነበሩምና ቅጹን ከኪሳቸው አወጡ። «በይ እስቲ ከተገናኘን አይቀር ይሄን አንብቢልኝ። መነጽሬን ረስቼ በግምት ነው የሞላሁት። የተሳሳተ ነገር ካለ ያቺ መስኮት ውስጥ ያለችው ልጅ ትመልሰኛለች።»

መምህርቷ ቅጹን ተቀብላ ከላይ ወደ ታች አነበበች። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«ጋሼ፣ እዚህ ላይ 'በክለቡ ውስጥ በልጆች ላይ ትንኮሳ፣ ስድብ ወይም አድልዎ ቢደርስ አቤቱታ የሚቀበለው ማነው? እንዴትስ ይታያል?' ይላል።»

«አዎ። ምን ብዬ ጻፍኩ?»

«'እንዲህ ያለ ነገር በክለባችን የለም።'»

«የለማ!» አሉ ባልደራሱ። «እኛ ፈረስ ነው የምናስጋልበው። ይሄን ደግሞ ማን ፈልስፎ እንደጨመረው እንጃ። ድሮ ቅጹ አንድ ገጽ ነበር።»

መምህርቷ ቅጹን ጭኗ ላይ አስተካክላ አስቀመጠችው። ለመናገርና ላለመናገር ስታወላውል የሚያያት ሰው ያውቅ ነበር። ባልደራሱ ግን ቀዩን ቁጥር ያዩ ነበር። ስልሳ አራት።

«ጋሼ፣ ለምን እንደተውኩ ልንገርዎት? ትምህርት አልነበረም።»

«እና ምንድን ነው?»

«ትንንሾቹን ፈረስ ላይ እንዲያወጣ የመደቡት አንድ ትልቅ ልጅ ነበር። እኔን ሲያወጣ እጁን የማይገባ ቦታ ያሳርፋል። ጓደኞቹ አጥሩ ላይ ተደርድረው ይስቃሉ። አንዴ ሆነ፣ ሁለቴ ሆነ። በሦስተኛው መጥቼ ነገርኩዎት።»

«ለእኔ?»

«ለእርስዎ። የዳማው ፈረስ ሰኮና ተሰንጥቆ ጎንበስ ብለው እያከሙት ነበር። ቀና እንኳ ሳይሉ፣ 'ፈረሰኛ በትንሽ በትልቁ አያለቅስም፤ ጆሮ ዳባ ልበስ በይ' አሉኝ። በሚቀጥለው ሳምንት አልመጣሁም።»

ባልደራሱ ግንባራቸውን ቋጥረው ወደ ኋላ አሰቡ። የዳማው ሰኮና ትዝ አላቸው። የግራ የፊት እግሩ ነበር። የቀቡትን ቅባት፣ የጠቀለሉበትን ጨርቅ፣ ስንት ቀን እንዳስቆሙት ሳይቀር ትዝ አላቸው። ልጅቷ ግን አልመጣችላቸውም። አንዲት ልጅ እያለቀሰች ጎናቸው ቆማ ነበር፤ እሳቸው ዘንድ የቀረው ግን ሰኮናው ብቻ ነው።

«አላስታውሰውም» አሉ ቀስ ብለው።

«አውቃለሁ» አለች መምህርቷ።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ይል ነበር። ባልደራሱ ግን ሲጨንቃቸው ይናገራሉ። ተነሱ፤ እስከ መስኮቱ ሄደው ተመለሱ፤ ተቀመጡ።

«ስሚኝ ልጄ፣ ያ መጥፎ ነገር ነው፤ ነውር ነው። ዛሬ ብሰማ ያን ልጅ በአለንጋ ነበር የማባርረው። ግን ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፤ ግልቢያ የለስላሳ ሰው ቦታ አይደለም። ፈረስ ይጥላል፣ ይረግጣል፣ ይነክሳል። ልጅ ሲቀለድበት ካልቻለ ፈረሱን እንዴት ይችላል?»

«ክንዴ የተሰበረ ጊዜ ያስታውሳሉ?»

«እንዴት ይረሳኛል! አጥሩ ላይ ነው የወረወረሽ።»

«በስድስተኛው ሳምንት ተመልሼ ጋልቤያለሁ። መውደቁ አላባረረኝም፣ ጋሼ። ስወድቅ ክለቡ በሙሉ እየሮጠ መጥቶ ነው ያነሳኝ። ያን ጊዜ ግን የሮጠልኝ ሰው የለም። ልጅ ሕመም ይችላል፤ የማይችለው ብቻውን መሆንን ነው።»

ባልደራሱ መልስ ፈለጉ። አገኘሁ ብለውም ደስ አላቸው።

«አሁን እኮ እንደዚያ አይደለም። አሁን ችግር ሲመጣ በዘዴ ነው የምይዘው። ይኸው ከትናንት ወዲያ እንኳ… የለጓሚዬ ልጅ አለች፤ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። አባቷ እኛ ዘንድ ስለሚሠራ በነፃ ትጋልባለች። እጇ ልጓም ላይ እንዴት እንደሚያርፍ ብታዪ! ለውድድሩ ቡድን መርጫት ነበር። ግን ከልጆቹ ጋር አልተስማማችም። ጠብ የለ፣ ክርክር የለ፤ ከአባቷ ጋር ተነጋግረን በሰላም ተወች።»

«ያልተስማማችው ለምንድን ነው?»

«የልጅ ነገር ነዋ! ስም አወጡላት።»

«ምን ብለው?»

ባልደራሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ፋንድያ።»

አጠገባቸው ጋዜጣ ያነብ የነበረ ሰውዬ ቀና ብሎ አያቸውና ወደ ጋዜጣው ተመለሰ።

«እና ማነው ከክለቡ የወጣው?» አለች መምህርቷ።

«ምን ማለትሽ ነው? እሷ ናታ።»

«ስም ያወጡት ልጆችስ?»

«እነሱማ አሉ። ውድድር ደርሷል፤ ሁሉንም ላባርር ነው? ዋናው ደግሞ የክለቡ ሊቀመንበር ልጅ ነው።»

«እንግዲህ ልጆቹ የተማሩት ይህንን ነው፤ ሰውን ከክለብ ለማስወጣት አንድ ቃል እንደሚበቃ።»

ባልደራሱ ደማቸው ፈላ። «ልጅቷ እኮ አንድ ቀን መጥታ አልነገረችኝም! ካልነገሩኝ በምን አውቃለሁ? ጠንቋይ ነኝ?»

«ፈረስ ሲታመም መጥቶ ይነግርዎታል?»

«ፈረስ ምን አፍ አለው! ጆሮውን ታያለሽ፤ አበላሉን ታያለሽ። የታመመ ፈረስ ከመንጋው ይለያል፤ ውሃ ሌላው ጠጥቶ ሲጨርስ ነው የሚጠጋው፤ ድሮ ይወደው የነበረውን…» ብለው ድንገት ዝም አሉ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ሆዴን ያመኛል ትል ነበር» አሉ ባልደራሱ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ፈረሷን ከጋጣው ኋላ ወስዳ ነበር የምትጭነው፣ ብቻዋን። ከቧንቧው የምትጠጣውም ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ነው። ዓይን አፋር ናት ብዬ ነበር እኮ።»

ሰው ያላየውን ሲነግሩት ብዙም አይደነግጥም፤ አይቶ ያላስተዋለውን ሲነግሩት ግን መግቢያ ያጣል። ባልደራሱ ሦስተኛ ጊዜ ተነስተው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ሲመለሱ ግን አንድ ጥርጣሬ ይዘው መጡ። ጥርጣሬያቸው የብዙ ሰው ጥርጣሬ ስለሆነ እንዳለ እናስቀምጠው።

«እሺ፣ እንስማ እንበል። ልጅ ከዋሸስ? የሰው ስም በአንድ ቃል ይጠፋል እኮ! ነገ አንዷ ተነስታ 'እገሌ እንዲህ አለኝ' ብትል፣ እኔ እገሌን ላንቀው ነው?»

«መስማት መፍረድ አይደለም፣ ጋሼ። ማን፣ መቼ፣ የት፣ ማን አየ ብለው ይጠይቁና በራሷ ቃል ይጻፉት። 'እንዲህ አደረገሽ አይደል?' ብለው በአፏ ቃል አይክተቱባት። ለማንም አልናገርም ብለው ቃል እንዳይገቡላት፤ መጠበቅ አይችሉም። ግን ጉዳዩ ለሚመለከተው ብቻ እንጂ ለአጥር ወሬ እንደማይሆን ይንገሯት። ተከሳሹንም ለብቻው ይስሙት፤ የሱም ስም ስም ነው። እስኪጣራ ድረስ በተለያየ ሰዓት ይጋልቡ፤ ሰዓቱ የሚቀየረው ግን የሱ ይሁን እንጂ የሷ አይሁን። ስለተናገረች ማንም እንዳይበቀላት ይጠብቁ።»

«ያንቺን ዓይነት ነገር ቢሆንስ? እጅ ቢኖርበት?»

«እሱ የእርስዎም የእኔም ሥራ አይደለም። በዚያው ቀን ለቤተሰቧና ለፖሊስ ነው። እናጣራ እያሉ ማቆየት መደበቅ ይሆናል።»

«እኔ አሠልጣኝ ነኝ እንጂ ዳኛ አይደለሁም» ብለው አጉረመረሙ።

«ልጅ ከማውጣትዎ በፊት የኮርቻውን የሆድ ጠፍር ለምን ይፈትሻሉ?»

«እንዳይላላ ነዋ! ከላላ ኮርቻው ዞሮ ልጁን መሬት ላይ…»

«በየቀኑ ይፈትሻሉ?»

«በየቀኑ! አንዴ ጠበቀ ብለሽ ትተዪዋለሽ እንዴ? ፈረሱ እኮ ሆዱን ነፍቶ ያታልልሻል።»

«ይሄም እንደዚያው ነው። ልጅ እስኪወድቅ አይጠብቁም። ደንቡን አስቀድመው ይናገራሉ፤ ለማን እንደሚነገር ያሳውቃሉ፤ ትንሿ ቃል ስትወጣ እዚያው ያስቆማሉ። አንዴ ተናግሬያለሁ ብለው ደግሞ አይተዉትም።»

ባልደራሱን በሌላ ቋንቋ ቢነግሯቸው ይከራከሩ ነበር፤ በጠፍር ሲነግሯቸው ግን ገባቸው። ቀና ሲሉ ቀዩ ቁጥር ሰባ ስድስት ይላል።

«ወይኔ!» ብለው ወደ አገልግሎት መስኮቱ ሮጡ። ከመስኮቱ ውስጥ ያለችው ሠራተኛ ሦስት ጊዜ መጥራቷንና ሌላ ቁጥር መውሰድ እንዳለባቸው ነገረቻቸው። ሌላ ቀን ቢሆን ያ ክፍል በጩኸታቸው ይናጋ ነበር። ያን ቀን ግን፣ «ሌላ ቁጥር አልወስድም። ባዶ ቅጽ ስጪኝ» ብቻ አሉ። የመምህርቷን ስልክ ተቀብለው እየተቻኮሉ ወጡ።

ክለቡ ሲደርሱ ገና አልረፈደም። ለጓሚው ጋጣ ውስጥ ድርቆሽ ይበትናል።

«ልጅህ የተወችው ለምንድን ነው?» አሉት።

«ኧረ ምንም የለም ባልደራስ። ጥናት በዝቶባት ነው።»

«እውነቱን።»

ለጓሚው መንሹን አቁሞ ወደ በሩ አየ። «ባልደራስ፣ አሥራ አምስት ዓመት እዚህ ግቢ ሠርቻለሁ። እንጀራዬ ነው። ነገር ከፍቼ የት እደርሳለሁ? እሷም ያንኑ አስባ ነው ዝም ያለችው። እኔ የሰማሁት ከእናቷ ነው።»

«ማንም እንጀራህን አይነካም። ልስማት ፍቀድልኝ። አንተም አጠገቧ ትሆናለህ።»

ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ከትምህርት ቤት መጣች። ባልደራሱ መምህርቷ በስልክ እንደመከረቻቸው የቢሮውን በር ክፍት አድርገው ተቀመጡ። የክለቡ ጸሐፊም ወረቀትና ብዕር ይዛ አብራቸው ተቀመጠች። ጸሐፊዋ ድምፅዋ ከግቢው ጫፍ እስከ ጫፍ የሚሰማ ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን ትንፍሽ አላለችም። ባልደራሱ ዝም ብሎ መስማት እንዲህ ከባድ ሥራ መሆኑን በዚያ ዕድሜያቸው ገና ማወቃቸው ነው።

ልጅቷ መጀመሪያ መሬት መሬት እያየች ስለ ስሙ ተናገረች። ቀጥላ፣ «ከስሙ የባሰብኝ ኮርቻው ነው» አለች።

«የቱ ኮርቻ?»

«ጋልቤ ስወርድ ኮርቻውን በጨርቅ ይጠርጉታል። ሌላው የጋለበበትን አይጠርጉትም። እኔ የተቀመጥኩበትን ብቻ ነው። አፍንጫቸውን ይይዛሉ። የሚጠርገውን ሰው በዕጣ ነው የሚመርጡት።»

«መቼ ጀመሩ?»

«ክረምቱ ካለፈ ጀምሮ። እርስዎ እኮ አይተዋል።»

«እኔ?»

«አጥሩ ጋ ቆመው ነበር። 'ጎበዞች፣ ዕቃ እንዲህ ነው የሚያዝ' አሏቸው።»

ጸሐፊዋ ብዕሯን አቆመች። ባልደራሱ ትዝ አላቸው። ይህኛውስ በደንብ ትዝ አላቸው፤ ንጹሕ ልጆች አሠለጠንኩ ብለው ደስ ብሏቸው ነበር። አባትየው ጥግ ላይ ቆሞ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል።

«ጻፊው» አሉ ባልደራሱ ለጸሐፊዋ። «እኔ ያልኩትንም ጨምረሽ ጻፊው።»

በማግስቱ የሊቀመንበሩን ልጅ፣ እናቱ ባለችበት፣ ለብቻው ሰሙት። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ረጅም፣ ጥሩ ፈረሰኛ።

«ቀልድ ነው ባልደራስ። ሁሉም እኮ ይላታል» አለ።

«አንተን ሁሉም ምን ይልሃል?»

«እኔን? ምንም።»

«እሷስ ትስቃለች?»

ልጁ እናቱን አየ።

ሌሎች ሦስት ልጆችም ለየብቻቸው ተጠየቁ። የሦስቱም ቃል አንድ ሆነ። አንዷ እንደውም አልቅሳ፣ «እኔም ጠርጌያለሁ። ካልጠረግኩ ቀጥሎ የእኔን ይጠርጉታል ብዬ ፈርቼ ነው» አለች።

ባልደራሱ በዚያው ቀን ልጁን ከውድድሩ አወጡት፤ ነገሩ ሊቀመንበሩ ጆሮ ሲደርስ በቀጥታ ወደ ቢሮው መጡ። ለጓሚው የተበጠሰ ልጓም ሊያሳይ እዚያው ቆሞ ነበር።

«ባልደራስ፣ ልጄን ከውድድሩ አወጡት አሉኝ። በአንድ ስድብ? የክለቡን ስም እኮ ነው የሚያጠፉት!»

«የክለቡ ስም የጠፋው ኮርቻው ሲጠረግ ነው፣ ጌታዬ። እኛ አላየንም እንጂ።»

«የዛሬ ልጅ ሁሉ ይሳደባል። እኛስ ስንሰዳደብ አላደግንም?»

«አድገናል። ስንት ልጅ ዝም ብሎ እንደቀረብን ግን ቆጥረን አናውቅም። እኔ አንዷን ትናንት አገኘኋት፤ የምኮራባትን ልጅ ያጣኋት በገዛ አፌ ነው። ልጅዎን አልጠላሁትም። ጥሩ ፈረሰኛ ነው። ነገር ግን የፈረሱን ጆሮ እያነበበ የሰው ፊት ማንበብ ካልቻለ ግማሽ ፈረሰኛ ነው። ዛሬ ካላስቆምኩት ነገ መሥሪያ ቤት ገብቶ ይህንኑ ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ የሚያስቆመው ሕግ እንደ እኔ አይመክረውም።»

«ሁለቱን ፈረሶቼን ይዤ እወጣለሁ!»

ሁለቱ የክለቡ ምርጥ ፈረሶች ናቸው። «ቅር ይለኛል» አሉ ባልደራሱ። «ግን ውሳኔው አይለወጥም። ልጁም አይባረርም። ለአንድ ወር ጋጣ ይጥረግ፣ ፋንድያ ይዛቅ፤ ያኔ ይገባዋል።»

«አይሆንም» አለ አንድ ድምፅ።

ሁሉም ዞሩ። የተናገረው ለጓሚው ነው። ልጓሙን በሁለት እጁ ይዟል።

«ባልደራስ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጋጣ መጥረግ የእኔ ሥራ ነው። ልጆቼን ያሳደግኩበት ሥራ ነው። ሥራዬን ቅጣት አድርገው ለልጅ ከሰጡት፣ ልጄ ላይ የወጣውን ስም እርስዎ አጸደቁት ማለት ነው።»

ባልደራሱ በበጎ ልብ ተነስተው በዚያው ጉድጓድ ሊወድቁ ምን ያህል ቀርቷቸው እንደነበር አሁን አዩት። ክፉ ልማድ እንዲህ ነው፤ ሊያስወግደው በተነሳ ሰው ልብስ ውስጥ እንኳ ይደበቃል።

«እውነትህን ነው» አሉት። «ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱ ልጅ የሚጋልበውን ፈረስ ጋጣ ራሱ ይጠርጋል። ቅጣት ሳይሆን የግልቢያው የመጀመሪያ ትምህርት ነው። የምታስተምራቸውም አንተ ነህ።»

ሊቀመንበሩ እንዳሉትም ፈረሶቻቸውን ይዘው፣ ልጃቸውንም አስከትለው፣ ሊቀመንበርነታቸውንም ትተው ወጡ። ክለቡ በዚያ ዓመት ውድድር ከመጨረሻው ሁለተኛ ወጣ። ይህን መደበቅ አያስፈልግም፤ ትክክለኛ ነገር መሥራት ዋጋ አያስከፍልም ያለ ሰው የለም።

ሊቀመንበሩ በወጡበት ዕለት ባልደራሱ ወደ መምህርቷ ደወሉ። የሆነውን ሁሉ ነገሯት።

«ልጄ፣ ያኔ ያልኩሽን አላስታውስም ማለቴ እውነቴን ነው» አሉ በመጨረሻ። «ግን አለማስታወሴ ራሱ ጥፋት ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ። ያን ሰውዬ መክሰስ ከፈለግሽ ደግሞ፣ ያን ጊዜ እንደነገርሽኝና ዝም እንዳልኩ ወጥቼ እመሰክራለሁ።»

«አስብበታለሁ፣ ጋሼ» አለች መምህርቷ። «ይህን የሚለኝ ሰው አሥራ አምስት ዓመት ጠብቄያለሁ።»

በሳምንቱ ወላጆች ተጠርተው መምህርቷ አነጋገረቻቸው። ደንቡም በልጆቹ ፊት ተጻፈ። ማንም በቤተሰቡ ሥራ፣ በሴትነቱ ወይም በወንድነቱ፣ በቋንቋው፣ በመልኩ፣ በአካል ጉዳቱ አይሰደብም፣ አይገለልም። ትልቅ ሰው ከልጅ ጋር በተዘጋ በር ብቻውን አይሆንም። ልጅ ፈረስ ላይ የሚወጣው በመቆሚያ እንጨት ነው፤ መያዝ ካስፈለገም ተጠይቆ፣ ሰው እያየ ነው። አቤቱታ ለጸሐፊዋ ይነገራል፤ ጸሐፊዋን የማይፈልግ ለመምህርቷ ይደውላል፤ ስልኳ በልብስ መቀየሪያው በር ላይ ተለጠፈ። አዲሱን ቅጽ ባልደራሱ መነጽራቸውን አድርገው ሞሉት፤ ቦታው አልበቃ ብሏቸው ተጨማሪ ወረቀት አያያዙበት።

የለጓሚው ልጅ ወዲያው አልተመለሰችም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ባልደራሱ በር በሩን ሲያዩ ከረሙ። በአራተኛው ቅዳሜ መጣች፤ ፈረሷን ከጋጣው ኋላ ሳይሆን ግቢው መሐል አስራ ጫነች። የሊቀመንበሩ ልጅም ከሁለት ወር በኋላ ፈረስ ሳይይዝ በእግሩ ተመለሰ። ይቅርታ ልጠይቃት ሲል፣ መስማት የምትፈልግ እንደሆነ መጀመሪያ እሷ ተጠየቀች። «ዛሬ አይደለም» አለች። ሁለት ሳምንት ጠበቀ፤ ከዚያም ሰማችው።

ጥቅሙም እያደር ታየ። ድሮ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላቸው ይጠፉ ከነበሩት ሴት ልጆች በዚያ ዓመት አንዷም ክለቡን አልተወችም። አንድ የመንተባተብ ችግር ያለበትን ልጅ እናቱ ከሌላ ክለብ አውጥታ እዚህ አስመዘገበችው። ልጆች ሰው ያደረሰባቸውን መናገር ሲለምዱ ስለ ሌላውም መናገር ጀመሩ፤ «ባልደራስ፣ ይሄ እርካብ ሊበጠስ ነው»፣ «ይሄን ፈረስ እፈራዋለሁ» ይላሉ። ድሮ ፈሪ እንዳይባሉ ይደብቁት ነበር። ስለዚህ የሚወድቀውም ልጅ ቀነሰ። ባልደራሱ በሄዱበት ሁሉ ይህን እያነሱ ሰው ማሰልቸት ጀመሩ።

እንዲህ ደረታቸውን ነፍተው ባሉበት በአንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጸሐፊዋ ጠራቻቸው።

«ባልደራስ፣ ይቀመጡ። አቤቱታ መጥቷል።»

«ማን ላይ ነው? ንገሪኝ፣ አሁኑኑ…»

«እርስዎ ላይ።»

ባልደራሱ ዓይናቸው ፈጠጠ። «በእኔ ላይ? ደንቡን ባወጣሁት በእኔ ላይ?» ብለው ብድግ አሉና ወጡ። ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞሩት። በመጀመሪያው ዙር ተናደዱ። በሁለተኛው ማን ይሆን ብለው አሰቡ። በሦስተኛው፣ የሊቀመንበሩ ልጅ «ቀልድ ነው» ሲል ፊቱ ምን ይመስል እንደነበር ትዝ አላቸውና የራሳቸውን ፊት በእጃቸው ዳሰሱት። ተመልሰው ገብተው ተቀመጡ።

አቤት ባይዋ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት፤ ወፈር ያለች፣ ጉንጫም። ብቻዬን አልገባም ስላለች የለጓሚው ልጅ አጠገቧ ቆማለች።

«ስጋልብ 'ጆንያ' ይሉኛል» አለች ትንሿ ልጅ። «'አንቺ ጆንያ፣ ቀጥ በይ!' ይሉኛል። ሁሉም ይስቃል።»

«እኔ እኮ አቀማመጥሽን…» ብለው ጀመሩ፤ የለጓሚው ልጅ ቀና ብላ አየቻቸው። አቆሙ። «ቀጥይ፣ ልጄ።»

«እኔ ጆንያ አይደለሁም። ቀጥ እንድል ከፈለጉ ቀጥ በይ ብቻ ይበሉኝ።»

ባልደራሱ ረጅም ትንፋሽ ለቀቁ። ሰበብ በአፋቸው ላይ ሞልቶ ነበር፤ አንድ በአንድ ዋጡት።

«ብዬሻለሁ። ስድብ መሆኑን ሳላስብ ነው ያልኩሽ። አለማሰቤ ግን ስድቡን አላስቀረልሽም። ይቅርታ፣ ልጄ። ነገ ሁሉም በሰሙበት ቦታ፣ ሁሉም እየሰሙ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ፤ ከፈለግሽ።»

ልጅቷ ጓደኛዋን አየች፤ ከዚያም እሺ በሚል ራሷን ነቀነቀች።

«ስምሽ ማነው?» አሏት።

ጸሐፊዋ ተደነቀች። የሠላሳ ሁለት ፈረስ ስም፣ የፈረሶቹን እናቶች ስም ሳይቀር በቃላቸው የሚያውቁ ሰው፣ ስምንት ወር ያሠለጠኗትን ልጅ ስም እየጠየቁ ነው። ልጅቷ ግን አልተቀየመችም። ስሟን ነገረቻቸው። ባልደራሱ እንዳይሳሳቱ ሁለት ጊዜ ደግመው አሉት፤ መዝገቡ ላይም በገዛ እጃቸው ጻፉትና ከሥሩ ፈረሙ።

በማግስቱ ይቅርታውን በሜዳው መሐል፣ ሁሉም በተሰለፈበት ጠየቁ። ከዚያም ልጅቷ ፈረሷ ላይ ወጥታ ሶምሶማ ስትጀምር ትከሻዋ ወደ ፊት ወደቀ። ባልደራሱ አፋቸውን ከፈቱ። የአርባ ዓመት ልማድ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ገቱትና በዚያ ሜዳውን በሚያናውጥ ድምፃቸው ስሟን ጠሩ።

ማንም አልሳቀም። ልጅቷም ቀጥ አለች።